ጅራቱን የጎረሰው ሞተርሆም

መርል ኦስጉድ ሥራ ከጀመረበት ቀን አንስቶ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ የኖረ ሰው ነው። ካንሳስ ውስጥ አውሎ ነፋስ መስመር በበጠሰ ቁጥር፣ አለቆቹ ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው «ሕዝባችንን ብርሃን እናለብሳለን» የሚል መግለጫ ሲያስጽፉ፣ በረዶ የጋገረው ምሰሶ ላይ የሚወጣው እሱ ነበር። ኋላ ኩባንያው ተሸጠ። የገዛውም ተሸጠ። ሦስተኛው ገዢ ሲመጣ የመርል ጡረታ ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቶ ተገኘ። የት እንደቀረ የሚጠየቅ ሰው ግን አልተገኘም፤ የሚጠየቁት ሁሉ በክብር ተሰናብተው ነበር። ቤቱን ደግሞ የሚስቱ የአይሪስ ሳንባ በላው። ይቅርታ፣ የበላው ሐኪም ቤቱ ነው፤ ሳንባዋ ለምስክርነት ቀረበ እንጂ።

ከቤቱ በተረፈችው ጥሪት አንድ ሞተርሆም ገዙ። አልጋው፣ ምድጃው፣ ሽንት ቤቱ ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ የተደረደረበት፣ መርል ገና ጎረምሳ ሳለ የተሠራ፣ ጎኑ ላይ ቡናማና ብርቱካናማ መስመር የተሰመረበት፣ ዝናብ ሲመጣ ከደጁ ይልቅ ውስጡ የሚረጥብ አሮጌ ሣጥን ነው። ሻጩ «ነፃነት በጎማ ላይ!» አላቸው። እኛም፣ እንደነሱ በጎማ ላይ የምንኖረው፣ ሁላችን እንዲሁ ተብለን ነው የመጣነው። ቤት የሌለውን ሰው ቤት አልባ ይሉታል። ያው ሰው ጎማ ካለው ግን መንገደኛ፣ የተፈጥሮ ወዳጅ፣ ነፃ ሰው ይባላል፤ ፎቶው በመጽሔት ይወጣል። እንዲህ ያለ ነፃነት የሚገኘው ሁሉን ነገር ከተነጠቁ በኋላ ብቻ ነው።

በብርዱ ወራት የምንሰፍረው አሪዞና በረሃ ውስጥ፣ ቡሮ ዋሽ በሚባል ደረቅ ወንዝ ዳር ነው። መሬቱ የመንግሥት ነው። ውሃ የለው፣ መብራት የለው፣ ጥላ የለው፤ ስለዚህ ለእኛ ተፈቀደ። ሕግ የማይገዛው አገር ነው እየተባለ ይወራለታል። ውሸት ነው። ሁለት ሕግ አለን፤ ሁለቱንም ማንም አልጻፋቸውም፣ ስለዚህም ማንም ሊሽራቸው አይችልም። አንደኛው፣ ፀሐይ ከጠለቀች እስክትወጣ ድረስ ጄኔሬተር አይነሳም። ሁለተኛው፣ ከጎረቤት ገመድ አይሳብም። ስኳር መበደር ይቻላል፤ ሚስት የተበደረም አይጠፋም፤ ኤሌክትሪክ የተበደረ ግን ለማኝ ነው።

የመጀመሪያው ሕግ ዘበኛ መርል ነበር። የሾመው የለም፤ ዘበኛ የሚባል ፍጥረት ሲፈጥረው ራሱን ይሾማል። አንድ ምሽት ከኦሪገን የመጡ አዲስ ባልና ሚስት ራት ሊያበስሉ ጄኔሬተራቸውን አስነሱ። መርል የእጅ መብራቱን ይዞ ሄደ።

«ወዳጄ፣ እዚህ ሰው ይተኛል።»

«ገና ራት እንኳ አልበላንም እኮ፣ አባባ።»

«እንግዲያው ዳቦ ብሉ። ዳቦ አይጮህም።»

በማግስቱ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ሩስቲ ባስኮም፣ ከሁላችን ትልቁን አውቶቡስና ትልቁን አፍ ይዞ የሚዞረው የቀድሞ መኪና ሻጭ፣ ለመርል ቢራ ከፈተለት። «የበረሃው አርበኛ!» አለው። አጨበጨብን። አይሪስ ብቻ በመስኮት አንገቷን ብቅ አድርጋ «አንተ ሰውዬ፣ የሰው ራት ደፋህ፤ አሁን ደስ አለህ?» አለችው። እሱም «ሥርዓት ሥርዓት ነው፣ ማሬ» ብሎ ቢራውን ጠጣ።

ያን ዓመት ሳንባዋ ባሰበት። ሐኪሙ ሌሊቱን ሙሉ ኦክስጅን ካላገኘች ልቧ እየደከመ ይሄዳል አለ። ሲሊንደር የሚያመላልሰው ድርጅት የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ጠየቀ። መርል «ከትልቁ ቁልቋል በስተግራ» አለው፤ ስልኩ ጆሮው ላይ ተዘጋ። አገሩ ሁሉ ነፃ ሰው ይወዳል፤ ቁጥር የሌለው ነፃ ሰው ግን መተንፈስ አይፈቀድለትም። በሲሊንደሩ ፋንታ ከአየር ላይ ኦክስጅን የሚያጣራ፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ሻንጣ የሚያህል ማሽን ሰጧቸው። ሶኬት! እዚያ በረሃ! ሐኪሙ እንዲህ ሲል ደመደመ፦ መብራታችሁ ሌሊቱን የሚዘልቅ ከሆነ ጥሩ፤ ካልሆነ ከተማ ያለው የአረጋውያን ማቆያ ትገባለች።

የአይሪስ እናት የሞተችው እንደዚያ ያለ ማቆያ ውስጥ ነው።

«ያንን እንደ ወንፊት ባለ ቀዳዳ ጣሪያ እያየሁ አልሞትም» አለች አይሪስ። «እናቴ በመጨረሻ ስሜን ረስታ ቀዳዳውን ትቆጥር ነበር። መርል፣ እዚያ እንዳታስገባኝ።»

«አትገቢም» አለ መርል።

ቃሉ ይኸው ነበር። ለመጠበቅ ደግሞ ከማታ እስከ ንጋት ድምፅ የሌለው ኤሌክትሪክ ማግኘት አለበት። ያን የሚሰጥ ኢንቨርተር ነው፤ ከባትሪ የሚወጣውን ደካማ ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚለውጥ፣ የጫማ ካርቶን የሚያህል ብረት። መርል አንድ ገዛና በሞተርሆሙ የፊት ሣጥን፣ ከጎልፍ ጋሪ የተነቀሉት ባትሪዎች ጎን ሊገጥመው ተነሳ።

በቡሮ ዋሽ አንድ ሰው የሞተርሆሙን ጎን ከፍቶ ካቻቢቴ ከያዘ፣ ጎረቤት ሁሉ ተጣጣፊ ወንበሩን ተሸክሞ መምጣቱ ደንብ ነው። ቴሌቪዥን በደንብ አይሰራልንም፤ የሰው ውድቀት ግን በግልጽ ይታያል። ሩስቲ የመጀመሪያውን ረድፍ ያዘ።

«መሐንዲሱ! ይሄ ነገር ይፈነዳል ወይስ በቀስታ ነው የሚቃጠለው? ወንበሬን የት ላድርግ?»

«አፍህ ውስጥ አድርገው፤ ቦታ አለህ» አለ መርል ቀና ሳይል።

አይሪስ ከአልጋዋ ላይ «ሩስቲ፣ ባሌን አታስቀው! ሲስቅ እጁ ይንቀጠቀጣል!» አለች።

«እመቤቴ፣ ሳይስቅም ይንቀጠቀጣል!»

እውነቱን ለመናገር እጁ አልተንቀጠቀጠም። ጣውላውን ለክቶ ቆረጠ፤ ኢንቨርተሩን በብሎን አሰረ፤ አውራ ጣት የሚያህለውን ቀይ ገመድ በባልቦላ በኩል አሳልፎ ባትሪው ላይ አጠበቀ። ጥሩ ሠራተኛ ነው። ጥሩ ሠራተኛ መሆኑ ነው ጉዱ፤ የማያውቅማ ሰው ይጠይቅ ነበር። የከበደው የሞተርሆሙ የገዛ ሽቦ ነው። አሮጌ ሞተርሆም በየባለቤቱ እጅ ሲያልፍ አንዱ ያወጣውን ሌላው እያስገባ፣ አንዱ የቆረጠውን ሌላው በፕላስተር እየጠቀለለ፣ ቀዩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ይሄኛው ከመርል በፊት ሦስት ባለቤት አይቷል፦ አንድ የጥርስ ሐኪም፣ አንድ ቄስ፣ አንድ ሰካራም። ሽቦውን ላየው ሰው ሦስቱም በየተራ ሰክረው ነበር።

እናም መርል አዲስ ሽቦ ከመዘርጋት አቋራጭ መረጠ። ከሞተርሆሙ ጎን የሚወጣ አንድ ወፍራም ገመድ አለ፤ ከተማ ሲገባ የከተማ መብራት ላይ፣ በረሃ ሲሆን ጄኔሬተሩ ላይ የሚሰካ፤ በእሱ በኩል የገባ ኤሌክትሪክ ወደ ሶኬቶቹ ሁሉ ይደርሳል። መርል የዚያን ገመድ ስፒና ከጄኔሬተሩ ነቅሎ ኢንቨርተሩ ላይ ሰካው። ሞተርሆሙ የገዛ ገመዱን የገዛ ሆዱ ውስጥ ሰካ ማለት ነው። ማብሪያውን ሲጫን የአይሪስ ማሽን ውስጥ ሆኖ ፍስስ… ፍስስ… ማለት ጀመረ። ድምፅ የለ፣ ጭስ የለ። ባለ ወንበሮቹ አጨበጨቡ።

«ቻርጀሩስ?» አለች ዶቲ ክራንዳል።

ዶቲ ሁለት ባልና ሦስት አሮጌ ሞተርሆም የቀበረች መበለት ናት፤ ለባሎቿ ያላለቀሰችውን ለሞተርሆሞቹ አልቅሳለች። የጠየቀችው ጥያቄ የቀልድ አልነበረም። አልጋው ሥር የተቀበረው የድሮ ቻርጀር የቤት ኤሌክትሪክ ባገኘ ቁጥር ሳይጠየቅ ባትሪ መሙላት ይጀምራል። አሁን ግን ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከዚያው ባትሪ ነው። ባትሪው ኢንቨርተሩን ይመግባል፤ ኢንቨርተሩ ቻርጀሩን ይመግባል፤ ቻርጀሩ ዞሮ ባትሪውን ይመግባል፤ በየእጁ እየተሸራረፈ፣ ልክ እንደ እርዳታ እህል። እባብም ጅራቱን ሲጎርስ ለጊዜው ራት ያገኘ ይመስለዋል።

«አውቃለሁ» አለ መርል። የየመስመሩ ማጥፊያ የተደረደረበትን የብሬከር ሣጥን ከፈተ። ከብሬከሮቹ በአንዱ ላይ ቢጫ የሆነ ፕላስተር ተለጥፎ በእስክሪብቶ «ቻርጀር» ተብሎ ተጽፎበታል። ቀጭ አደረገው። «ሞተ።»

«በእጅህ ዳስሰው። ቀዝቅዞ ካገኘኸው ያኔ ሞቷል።»

«ተጽፏል እኮ!»

«ማን ጻፈው? ቄሱ ነው ሰካራሙ?»

ሳቅ ሆነ። ቻርጀሩን ለመዳሰስ አልጋው መነሳት አለበት፤ አልጋው ላይ ደግሞ አይሪስ አለች፤ ጠዋቱን ሲያንቃት ውሎ ገና ማረፏ ነው። ሩስቲ ተነሳና «ኧረ ተይው ዶቲ! ከተማ ሙሉ ሲያበራ የኖረ ሰው ለአንድ ቻርጀር ብሎ ሚስቱን ከአልጋ ያውርድ? አሥራ ሁለት ቮልት እኮ ለመርል የሕፃን መጫወቻ ነው!» አለ። ባለ ወንበሮቹ «እውነት ነው!» አሉ። ምሰሶ ላይ ሳለ እናቱ ምላ ብትነግረው እንኳ «መስመሩ ሞቷል» የሚለውን ቃል ሳይፈትሽ የማያምን ሰው፣ ጭብጨባ ፊት የማያውቀውን ሰው የእስክሪብቶ ጽሑፍ አመነ። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይሏል ይሄ ነው።

«ነገ አልጋውን ስናነጥፍ አየዋለሁ» አለ መርል። ነገ ሌላ ሥራ መጣ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሠራ። ፀሐዩ ይበረታ ነበር፤ ጣሪያው ላይ ያሉት ሶላሮች ቀን የሞሉትን ሌሊቱ ይበላዋል፣ ንጋት ላይ ትንሽ ይተርፋል። የአይሪስ ፊት ወዙ ተመለሰ። ወጥታ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሩስቲን በካርታ አሸነፈችው፤ ሩስቲም «ይቺ ሴት ኦክስጅን ሳይሆን ተንኮል ነው የምትስበው» አለ። መርል ግን በየጠዋቱ ባትሪውን እየለካ ራሱን ያክ ነበር። ካሰበው በታች ነው። ባትሪዎቹ አርጅተዋል አለ። ሶላሩ ላይ አቧራ አለ ብሎ ጠረገው። ባትሪዎቹ ውስጥ የተጣራ ውሃ ጨመረ። የፀሐይዋን አቅጣጫ ሁሉ ተጠያቂ አደረገ። አልጋው ሥር ያለውን ተጠርጣሪ ግን ፕላስተሩ ዋስ ሆኖለት ነበርና አልጠየቀውም።

ከዚያ ደመና መጣ። በረሃ ላይ ደመና ሲመጣ እንግዳ ሰው ደስ ይለዋል፤ በሶላር የምንኖረው ፊታችን ይጠቁራል። ቀኑን ሙሉ ያንጠባጥብ ጀመር። መርል ቀን ቀን ገመዱን ወደ ጄኔሬተሩ እየመለሰ፣ «ቻርጀር» የሚለውን ብሬከር እያበራ ባትሪ ይሞላል፤ ማታ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ከሁላችን ቀድሞ፣ አርአያ ሊሆን፣ ገመዱንም ብሬከሩንም መልሶ ጄኔሬተሩን ያጠፋል። የሱን ጄኔሬተር ዝምታ ሰምተን ነበር የየራሳችንን የምናጠፋው። እንደ ደወል ሆኖልን ነበር።

ያን ሌሊት የሆነውን የምናውቀው ከሁለቱ አፍ ነው፤ ከመርል በቁርጥራጭ፣ ከአይሪስ በሙሉ። ሌሊቱ ሳይጋመስ ኢንቨርተሩ የባትሪ ማለቂያ ጩኸቱን ጮኸ። መርል ተነሳ። አይሪስ «ጄኔሬተሩን አስነሳው» አለችው።

«ሰው ተኝቷል፣ ማሬ። ትንሽ ታገሺኝ፤ የሆነ የላላ ነገር ነው።»

ፒንሳውንና የእጅ መብራቱን ይዞ ወጣ። ዝናብ ላይ ተንበርክኮ ባትሪዎቹን ፈታ፣ ጫፋቸውን ፋቀ፣ መልሶ አሠረ። ማሽኑ ተነሳ፤ ጥቂት ተነፈሰ፤ ቆመ። ገባ። ሁለተኛም አስነሳው አለችው። በሩን ከፍቶ ወደ ሩስቲ አውቶቡስ አየ። ጨለማ ነው። ገመድ ስቦ ማንኳኳት ይችል ነበር፤ የሩስቲ አውቶቡስ ውስጥ ሆስፒታል የሚያንቀሳቅስ ባትሪ አለ። ግን ገመድ የሚስብ ለማኝ ነው። ጄኔሬተር የሚያስነሳ ደግሞ ባለጌ ነው። ሚስቱ የምትታፈን ሰው ግን፣ በቡሮ ዋሽ ሕግ፣ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ያሰበ አልነበረም። ስለዚህ መርል ትራስ ጨመረላት፣ ቀጥ አድርጎ አስቀመጣት፣ መስኮት ከፈተላት፣ «እየነጋ ነው» እያለ እጇን ያዘ። አይነጋም ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ «አስነሳው» አለችው፤ ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

የፀሐይዋ ጫፍ ከተራራው ጀርባ ብቅ ስትል ጄኔሬተሩ ተነሳ። በሰዓቱ! ሥርዓቱ አንዲት ደቂቃ እንኳ አልተጣሰም። ዶቲ ድምፁን ሰምታ «ዛሬ መርል ቸኮለ» ብላ ሲኒዋን ይዛ ስትወጣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አይሪስ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ፣ ዓይኗ ተገልጦ፣ መርል ፊት ላይ ተተክሏል። አልሞተችም። አምቡላንሱ ጭቃው እየያዘው መጣና ወሰዳት። መርል አብሮ ሄደና ለልብስ ሲመለስ እኔና ዶቲ አልጋውን አንስተነው አገኘን።

ቻርጀሩ እንደ ምጣድ ግሏል። «ቻርጀር» የሚለው ብሬከር ጠፍቶ ሳለ! ያ ብሬከር የሚያጠፋው ጣሪያው ላይ ያለውን፣ ከቄሱ ዘመን ጀምሮ የሞተውን የአየር ማቀዝቀዣ ነበር። እያንዳንዱን ሌሊት፣ አይሪስ ከምትስበው እኩል ይሄ ሣጥን ከጎኗ ተኝቶ ሲስብ ከርሟል።

«ዳስሰው» አለች ዶቲ። ድምፅዋ ላይ ክፋት አልነበረም።

መርል መዳፉን አሳረፈበት። አላነሳውም።

«ተው እንግዲህ፣ ይፈጅሃል።»

አላነሳውም። ዶቲ ናት እጁን ይዛ ያነሳችው።

ማታ ባለ ወንበሮቹ ተሰበሰቡ። ሩስቲ ፊቱ ሳይቀር ተለውጦ ነበር። «ምናለ ቢያስነሳው!» አለ። «ምናለ በሬን ቢያንኳኳ! ማን ምን ይለው ነበር?» ሁሉም «ማንም!» አሉ፤ «ምን ሆነን ሰው እየሞተ!» አሉ፤ አንዲት ሴት አለቀሰች። ኧረ ለመሆኑ የኦሪገኖቹን ራት የደፋው ማን ነበር? ቢራውስ በማን እጅ ተከፈተ? ጭብጨባውስ የማን ነበር? ሕዝብ ማለት እንዲህ ነው፤ ዘበኛውን ይሾማል፣ ያሞግሳል፣ ዘበኛው የገዛ ቤቱን ሲዘጋ ደግሞ «ማን አዘዘህ?» ይላል። ከዚያ ስብሰባ የወጣ አንድ ውሳኔ ነበር፦ ለአይሪስ አበባ ይላክ። ተላከ። ፀሐይ ስትጠልቅ ጄኔሬተሮቹ ሁሉ እንደወትሮው ጠፉ።

አይሪስን ሐኪም ቤቱ አቆይቶ አዳናትና ከተማ ወዳለው ማቆያ አዛወራት፤ «ለጊዜው» ተብሎ። መርል በዚያ መሃል እንደ እብድ ሠራ። ቻርጀሩን ከነሥሩ ነቅሎ ጣለው። የሦስቱን ባለቤቶች ሽቦ አንድ በአንድ ፈትሾ የማይታመነውን አወጣ፤ ለማሽኑ ብቻ የሚሆን አዲስ መስመር ከኢንቨርተሩ ቀጥታ ዘረጋ። ባትሪዎቹን ለወጠ፤ በምን እንደለወጠ አልጠየቅንም፤ የጋብቻ ቀለበቱ ጣቱ ላይ ነበር፣ የአባቱ ጠመንጃ ግን ከመደርደሪያው ላይ አልነበረም። ሲያበቃ እኔን «በመኪናህ ማቆያው ድረስ አድርሰኝ» አለኝ።

ማቆያው ንጹሕ ነው። ንጹሕ መሆኑ ያስፈራል። ነርሷ በር ላይ ቆማ «ወይዘሮ ኦስጉድ፣ እንግዳ መጥቶልዎታል» አለች። አይሪስ ፀጉሯ ተበጥሮ፣ ፊቷ ቀልቶ፣ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ከግድግዳው የሚወጣ ቀጭን ቱቦ አፍንጫዋ ላይ አለ። ከላይዋ ያ ባለ ቀዳዳ ጣሪያ።

መርል ቆቡን አወለቀ። «ተስተካክሏል» አለ። «ቻርጀሩን ነቅዬዋለሁ። ማሽንሽን ባዶውን አስነስቼ አሳደርኩት፤ ባትሪው ከግማሽ አልወረደም። በደመና ነው እኮ የምልሽ። ዶክተሩ ከፈረመ በሚቀጥለው ሳምንት እወስድሻለሁ።»

«መርል» አለች። «ሰዎቹ ያን ሌሊት እንቅልፍ አገኙ?»

ቆቡን በእጁ አዞረው። መዋሸት አይችልበትም።

«አገኙ» አለ።

«ጥሩ።»

«አይሪስዬ፣ ጥፋቱ የቻርጀሩ ነው። ጽሑፉ ነው ያሳሳተኝ፣ ፕላስተሩ ላይ…»

«የቻርጀሩን ማን ጠየቀህ? እጅህን አንድም ቀን ጠርጥሬው አላውቅም፤ ሲበላሽም እንደምትሠራው አውቅ ነበር። አስነሳው ነው ያልኩህ። በመጨረሻ ያልኩህን ለማለት የነበረኝን ትንፋሽ ሁሉ ነው የከፈልኩት። አንተ በሩን ከፍተህ የሩስቲን መስኮት አየህ።»

«መብራቱ ጠፍቶ ነበር።»

«አዎ። ተኝቶ ነበር።»

ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ጋሪ እየገፋ አለፈ።

«ነይ ወደ ቤት» አለ መርል። «አትገቢም ብዬሽ ነበር።»

«ብለኸኛል።» ትራሷ ሥር ያለውን ደወል አሳየችው። «ይሄን ስጫነው አንዲት ልጅ እየሮጠች ትመጣለች። ጫማዋ ኮሪደሩን ሙሉ ያናጋዋል። መብራት ታበራለች፣ ትጮሃለች፣ ጎረቤቴን ትቀሰቅሳለች፤ አሮጊቷ ትሰድባታለች። ልጅቷ ግን ግድ የላትም። ሌሊት ሳያመኝም እጫነዋለሁ።»

«ጣሪያውስ?»

ቀና ብላ አየችው። «አልቆጥረውም» አለች። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ከፈተች።

ስንመለስ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አኑሮ መንገድ መንገዱን ያይ ነበር። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ የሰው ባል ግን ያስጥላል ተብሎ ስለሚጠበቅ ነው የሚያፍረው።

ሙቀቱ መጣ። በዚያ ወቅት ቡሮ ዋሽ የሚቀር የለም፤ እባቡም ጉድጓድ ይገባል። አውቶቡሱ፣ ሞተርሆሙ፣ ተጎታቹ አንድ በአንድ ወደ ሰሜን ነጎደ። ሩስቲ ሲሄድ ክላክስ አላደረገም፤ ለእሱ ትልቅ ሐዘን መሆኑ ነው። በመጨረሻ የቀረነው እኔ፣ ዶቲና መርል ነበርን። መርል በሞተርሆሙ ጥላ ተቀምጧል፤ ጣሪያው ላይ ያለው ሶላር ከጠዋት ጀምሮ ባትሪውን ሞልቶ የሚያደርገው አጥቷል።

ዶቲ ሞተሯን አስነስታ መስኮቷን አወረደች።

«አንተ ደረቅ ሽማግሌ፣ በሙቀቱ ወራት እዚህ ድንጋይ እንኳ ጥላ ይፈልጋል። ስትሞት የሚያገኝህ የለም። ተከተለኝ።»

«እሷስ?»

«እሷ አየር አላት።»

መርል ወደ ከተማው መንገድ አየ።

«ረቡዕ ረቡዕ እንድገባ ትፈቅድልኛለች» አለ። «ቴሌቪዥኑን ባታጠፋውም።»

ዶቲ መስኮቷን ዘጋች። ተከትያት ወጣሁ።